ዌይን የሚያውቀው ቁጥር

«ሮላንድ፣ ምድር ቤቱን ውሃ ሞላው። ደረጃው ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ» አለች ግሌንዳ በስልክ። ባሏ ሮላንድ ፓቭሊክም፣ «የመሣሪያ ክፍሌ በር ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ትበራለች ወይስ ጠፍታለች?» ብሎ ጠየቃት። ይህን ብቻቸውን ሆነው ተነጋግረውት ቢሆን ከሁለቱ ሌላ የሚያውቀው ባልኖረ። ነገር ግን የሮላንድ እጅ በመሣሪያ ዘይት ርሶ ስለነበር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቆት ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ቦታውም ከአክረን ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የአሮጌ ጦር መሣሪያ ትርኢት የሚደረግበት ትልቅ አዳራሽ። በጠረጴዛው ዙሪያ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋ እኮ ወደቅኩ ነው ያለችህ!» አለች ከኋላ የካም ሳንድዊች የምትሸጠው ሴት።

«ተይው፣ መጀመሪያ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቅ» አለ አንዱ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን አጫጭር መትረየሶች በአገጩ እያመለከተ። ሰዎቹ ሳቁ። ሮላንድም አብሯቸው ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩ እምቢ አለው።

«ተጎዳሽ እንዴ?» አለ ዘግይቶ።

«ደህና ነኝ። ቁርጭምጭሚቴን ነው። ውሃው ግን አልቆመም ሮላንድ። መዝጊያው ያለው እዚያ ክፍልህ ውስጥ ነው። ቁጥሩን ንገረኝና ከፍቼ ልዝጋው።»

መዝጊያው በእርግጥም ክፍሉ ውስጥ ነበር። ሮላንድ ከጎማ ፋብሪካው ጡረታ በወጣ በዓመቱ የምድር ቤቱን አንድ ጥግ በግንብ አጥሮ፣ የብረት በር ገጥሞ፣ የሚስጥር ቁጥር ያለው ቁልፍ አስሮ የመሣሪያ ክፍል ሲሠራ፣ የቤቱ ዋና የውሃ መዝጊያ ወደ ውስጥ ቀረ። ግሌንዳ ያኔ፣ «ቧንቧ የሚፈነዳ ቀንስ?» ብላው ነበር። «እኔ አለሁ አይደል?» አላት። እውነትም ሁልጊዜ ነበር። ዛሬ ነው የሌለው።

«ግሌንዳ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ዝቅ ማድረጉ ምንም አልጠቀመውም። «ቁጥሩን ካወቅሽው መሣሪያዎቹ በእጅሽ እንዳሉ ነው የሚቆጠረው። ሁለታችንንም ነው የሚያስሩን።»

«ውሃ እኮ ነው፣ ሮላንድ። ውሃው ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።»

«ቆይ፣ አንድ መላ እፈጥራለሁ» አለና ስልኩን ዘጋው።

ከጎኑ ጠረጴዛ የዘረጋው ኦቲስ የሚባል ሽማግሌ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሲመለከተው ቆየ። ኦቲስ ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚያ አዳራሽ ካሉት ሁሉ ዝምተኛው እሱ ነው። «አንተ የአደራ ውል አለህ አይደል እንዴ?» አለው። «ጠበቃ ያዘጋጀልህ? ሚስትህ እሱ ላይ የለችም? የኔዋ እኮ አለችበት። እንዲያውም በሩን ከኔ ይልቅ የምትከፍተው እሷ ናት፤ የገና ስጦታ የምትደብቀው እዚያ ነው።»

«ግሌንዳ መሣሪያ አትወድም» አለ ሮላንድ። «ዓይኗ እንዲያየውም አትፈልግም።»

«እንዲያማ ከሆነ የራሷ ጉዳይ ነው» አለ ኦቲስና መነጽሩን ወደ ቦታው መለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህን አሮጌ መትረየሶች የሚሰበስብ ሰው እያንዳንዷን በመንግሥት መዝገብ በስሙ ያሰፍራል። ስሙ ያልሰፈረ ሰው፣ ሚስትም ትሁን ልጅ፣ ባለቤቱ በሌለበት ሊይዛት ቀርቶ ያለችበትን ክፍል መክፈትም አይችልም። ሮላንድ ለግሌንዳ የነገራት ይህን ነው፤ ይህም ውሸት አልነበረም። ያልነገራት ነገር ቢኖር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠበቃ ዘንድ ሄዶ መሣሪያዎቹን ሁሉ ወደ አደራ ውል ማዛወሩን ነው። በዚያ ውል ላይ ባለቤቱ የፈለገውን ሰው ስም ያስገባል፤ ስሙ የገባም ሰው እንደ ባለቤቱ በሩን ይከፍታል፣ መሣሪያውንም ያነሣል። ጠበቃው ብዕሩን አንሥቶ፣ «እሺ፣ ከርስዎ ሌላ ማንን ላስገባ?» ሲለው፣ ሮላንድ ምንም ሳያመነታ የጓደኛውን የዌይንን ስም ሰጠ። ዌይን ዘይት አቀባብ ያውቃል፤ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ጠበቃው፣ «ባለቤትዎስ?» ብሎ ጨመረ። «እሷ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም» አለ ሮላንድ። ያን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አፉ ለመደው።

ዌይን ከቤታቸው ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል፤ ዛሬም ወገቡን አሞት ከትርኢቱ ቀርቷል። ሮላንድ ደወለለትና፣ «ዌይን፣ ሩጥ፣ ቤቴ ውሃ ገብቷል፤ ክፍሉን ክፈትና መዝጊያውን ዝጋው። ቶምሰን መትረየሷን ከታችኛው መደርደሪያ አንሣት» አለው። ዌይንም፣ «በረርኩ አለቃ!» አለ። ሮላንድ ስልኩን ዘግቶ ትልቅ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ተነፈሰ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትንም ለማንም ጥሎ መሄድ ስለማይቻል፣ አንድ በአንድ በዘይት ጨርቅ ጠቀለላቸው፤ ጀርመን ሠራሽዋን፣ ከዚያም እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ እንደ ውሃ ቧንቧ አጣጥፈው የሠሯትን ስቴን። ሰፍነግ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ እንደ ሕፃን አስተኛቸው። ሣጥኑን ቆለፈ፣ ቁልፉንም ደግሞ ሞከረ። ሳንድዊች ሻጯ እጇን አጣምራ ስታየው ቆይታ፣ «ለሚስትህም ይህን ያህል ልፋላት» አለችው። አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ድንገት የገባው መኪናው ውስጥ ነው። የተዘጋው የጎማ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሥር፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ዌይን በሩ ፊት ቆሞ ቁጥሩን ሲነካካ ታየው። ግሌንዳም ከኋላው ሆና ስትመለከት ታየችው። ለአርባ ዓመት የትዳር ጓደኛው የተከለከለውን ቁጥር ጎረቤቱ ከኪሱ እንደ ሳንቲም ሲያወጣው። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ከኋላው ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ነፉ፤ እሱ ግን መሪውን እንደ ጨበጠ ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ዌይንን መልሶ ለማስቀረት ስልኩን አነሣ፤ ከዚያ ውሃው ትዝ አለውና አስቀመጠው። መድረስን ፈራ፣ መዘግየትንም ፈራ። አንዴ እየነዳ፣ አንዴ እየቆመ፣ ቤቱ ደረሰ።

የዌይን መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ሮላንድ ሣጥኑን በእጁ እንደ ያዘ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ውሃው ቆሟል፤ ወለሉ ላይ ግን እስከ ጫማ አፍ ድረስ ተኝቷል፤ የልብስ ሳሙና ካርቶንና አንድ የፕላስቲክ ዘንቢል ይንሳፈፉበታል። የብረቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የሚወጣው ቢጫ ብርሃን ውሃው ላይ ይታያል። ግሌንዳ ከደረጃው ሦስተኛው እርከን ላይ ተቀምጣለች፤ ካልሲዋ ርሶ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጠቁሮ፣ አንድ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ። ቀና ብላ አላየችውም። በጎኗ አልፏት እንዲወርድ ግን ትከሻዋን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችለት።

«መጣህ አለቃ!» አለ ዌይን በጎማ ቦቲ ውሃውን እየረገጠ። «አንዲት ጠብታ አልነካቸውም። የክፍሉን ወለል ከፍ አድርገህ መሥራትህ በጀህ። ቶምሰኗን ግን እንዳልከኝ አንሥቼ ወንበርህ ላይ አስቀመጥኳት፤ እንደ ንግሥት ተንሰራፍታልሃለች! ለግሌንዳም ስነግራት ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት ቁጥሩን ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤው ስዞር ለውሃ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም። አንቺም እኮ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የሚያስፈልግሽ አልኳት። ግን አውቃለሁ፤ ሰው የማይወደውን ነገር ምን ይደረጋል!»

«አዎ» አለች ግሌንዳ። «ሰው የማይወደውን ነገር ምን ይደረጋል።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ዌይን ግን የወለል መወልወያ እንደ ያዘ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሮላንድን አየና ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ላይ ወረደ። ዌይን ለፍላፊ ቢሆንም ሞኝ አይደለም። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «በሉ እንግዲህ፣ እኔ... ምድጃ ላይ ሾርባ ጥጄ ነበር» አለ። በግሌንዳ አጠገብ ሲያልፍ ባርኔጣውን አወለቀ። እግሩ ደረጃውን ሲወጣ፣ የውጭው በር ሲዘጋ፣ መኪናዋ ስትነሣ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ከጣሪያው ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ነው።

ግሌንዳ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ሮላንድ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ በእጁ ላይ ያለው ግን ሣጥኑ ነው። እያነከሰች አልፋው ወደ ክፍሉ ገባች።

ገብታ አታውቅም። በሩ ገርበብ ሲል ጨለፍ አድርጋ ካየችው በቀር። አሁን መሐል ቆማ ዞር ዞር ብላ አየች። ወለሉ ላይ ወፍራም ቀይ ምንጣፍ አለ። እርጥበት የሚመጥጠው ማሽን ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። ትንሽ የማሞቂያ ምድጃ አለ፣ የራስጌ መብራት አለ፣ የቆዳ ወንበር አለ፤ አንድ ብቻ፤ ቶምሰኗ ተጋድማበታለች። ግድግዳው ላይ መትረየሶቹ በየረድፋቸው ተሰቅለው ያብረቀርቃሉ። ግሌንዳ ወደ እነሱ አልሄደችም። ወደ ባዶው ግድግዳ ሄዳ መዳፏን ለጠፈችበት፤ እንደ ልጅ ግንባር ትኩሳት እንዳለው የምታይ መስላ ብዙ ቆየች።

«ደረቅ ነው» አለች። «ይሞቃልም።»

ፎቅ ላይ የመኝታ ቤታቸው ሰሜን ግድግዳ ከሁለት ክረምት ጀምሮ ሻጋታ እየወጣበት ነው። ሠራተኛ ጠርተው አሳይተውት ሦስት ሺህ ዶላር ሲላቸው፣ ሮላንድ፣ «ይህችን ክረምት እንለፍና» አለ። በወሩ ግን ለቶምሰኗ ክብ የጥይት ቋት ገዛ፤ ዋጋው ለግድግዳው ከተጠየቀው ብዙም አያንስም። ግሌንዳ ሌሊት ስታስል እሱ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ «እንቅልፍ እንዳልነሳሽ» ብሎ። ብዙ ሌሊት ያነጋው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ግሌንዳ ከመደርደሪያው አጠገብ ቆመች። ከአንድ ሚስማር ላይ ጥይት መያዣ የሸራ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። አወረደችና ገልብጣ የውስጡን ስፌት አየች።

«ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ። ጣቴን ወግቶኝ ነበር። አብሬህ ፎቶ እያየሁ ነው ቅዱን የቆረጥኩት።» ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። «ሰው ሲጠይቅህ ምን ትላለህ?»

ሮላንድ እንግዶች ሲመጡ፣ «ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፣ ማንም አልነካካውም» ነበር የሚለው፤ ስፌቱ እጅግ ያማረ ስለነበር ተጠራጥሮ የሚያውቅ የለም። አንዱማ አራት መቶ ዶላር ሰጥቶት አልሸጥም ብሏል። ግሌንዳ መልሱን ከፊቱ ላይ እንዳነበበች ሁሉ ቦርሳውን ወደ ሚስማሩ መለሰችው። ቀና ብሎ እንዲሰቀልም አስተካከለችው።

«ቁጥሩን ልንገርሽ» አለ ሮላንድ በጥድፊያ። «አሁኑኑ ልንገርሽ። ሰኞ ደግሞ ጠበቃው ዘንድ እንሄድና ስምሽን...»

«ሮላንድ» አለች። «ቁጥሩን የፈለግኩት ውሃው ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነበር። አሁን ውሃው ቆሟል። ዳርላ ቤት አድርሰኝ።»

ዳርላ አንዲት ልጃቸው ናት። ግሌንዳ ፎቅ ወጥታ ልብሷን ስትሰበስብ እሱ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሁልጊዜ የሚያልፍበትን ክፍል ዛሬ እንደ እንግዳ ያየው ጀመር፤ ጥቁር ነጠብጣቡ ከግድግዳው ጥግ እስከ አልጋው ራስጌ ደርሷል፤ የመስኮቱ ሥር በተጠቀለለ ፎጣ ተወትፏል፤ ከብርድ ልብሱ ላይ የግሌንዳ የክረምት ካፖርት ተደርቧል። ካፖርቱን አንሥታ ለበሰችው። የሌሊት ልብስ፣ የሳል መድኃኒትና ደረቅ ካልሲ በትንሽ ቦርሳ ከተተች። ብዙ አልያዘችም። ብዙ አለመያዟ ተስፋ ይሰጠው ወይስ ያስፈራው እንደሆነ መለየት አቃተው።

በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ማሞቂያውን ልጨምር?» አላት፤ «እንደ ፈለግህ» አለችው። ጨመረው።

ዳርላ የምትኖረው በከተማው ሰሜን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል አፓርታማ ነው። በሩን ስትከፍት የጥቅል ጎመንና የቋሊማ ሽታ ወጣ፤ ባሏ የማታ ፈረቃ ሊገባ ሲል እራት ልታበላው ነበር መሰል፣ ማንኪያ በእጇ ይዛለች። «እንዴ፣ ምን ሆናችሁ? እማዬ፣ እግርሽ ምን ሆነ?»

«ቧንቧ ፈነዳ» አለች ግሌንዳ። «ቤቱ እስኪደርቅ ካንቺ ጋር ልሰንብት ብዬ ነው። እግሬን ልታጠብ።» ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች።

ሮላንድ እንዳልከሰሰችው ሲያውቅ ዕፎይ ማለት ነበረበት። ዕፎይ ግን አላለም፤ እንዲያውም ይበልጥ አንገቱን ደፋ። ካፖርቱን አውልቆ ወንበር ጀርባ ላይ ጣለና ቆመ። ዳርላ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አቀበለች፤ ተመልሳም፣ «ውሃውን ታዲያ ማን ዘጋው?» አለች።

«ዌይን።»

«ይኸው!» አለች ዳርላ። በቁጣ ሳይሆን ለሚወዱት ሰው በሚነጫነጩበት ድምፅ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጮኸች፤ «እማዬ፣ ያንቺም ግትርነት እኮ ልክ የለውም! አባዬ ስምሽ እንዲገባ ስንት ጊዜ ለምኖሽ፣ መሣሪያ አልወድም ብለሽ ነው እንጂ ራስሽ ከፍተሽ በዘጋሽው ነበር። ይኸው እግርሽን ልትሰብሪ!»

ከመታጠቢያ ቤቱ የሚፈሰው ውሃ ቆመ። መልስ ግን አልመጣም። ግሌንዳ ሰምታለች፤ ዝም ያለችውም ሰምታ ነው። ሮላንድ ዝምታዋ እሱን እየጠበቀው እንደሆነ ገባው። አሁንም ዝም ቢል ነገሩ በዚሁ ያልፋል፤ ልጃቸው እናቷን ትወቅሳለች፣ እናትየው ወቀሳውን ትሸከማለች፣ እሱም የተለመነችና እምቢ ያለች ሴት ባል ሆኖ ይኖራል።

«አልለመንኳትም» አለ።

«ምን?»

«አንድም ቀን አልለመንኳትም። ሕግ ይከለክልሻል ነው ያልኳት። ለናንተ ደግሞ አትወድም አልኩ። እሷ... እሷ ጠልታ አታውቅም ዳርላ። የጥይት ቦርሳውን የሰፋችልኝ እሷ ናት። እኔ ነኝ ያላስገባኋት።»

ዳርላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለምን?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ራሱም ራሱን። «እዚያ ውስጥ ደኅና ነው» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ይሞቃል። ደረቅ ነው። ከገባች ታየዋለች ብዬ ነው። ካየችው ደግሞ... እሷ ፎቅ ላይ ታስላለች፣ እኔ...» ዳርላም እንዲጨርስ አላገዘችውም። ድስቱ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ ዳርላ ፊቷን ወደዚያ አዞረች፤ ግን አላማሰለችውም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። ግሌንዳ በደረቀ ካልሲ፣ አንድ እጇን ግድግዳ ላይ አድርጋ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ሮላንድ አያት፤ እንድትሰድበው ተመኘ፤ ብትሰድበው ይቅርታ የሚልበት በር ያገኝ ነበር። እሷ ግን እያነከሰች መጥታ የእሱን ካፖርት ከወንበሩ ላይ አነሣች። አራገፈችው። ሌሊት ፈረቃ በሚገባበት ዘመን ታደርግለት እንደነበረው በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችለት።

ሮላንድ ጀርባውን አዙሮ አንድ እጁን አስገባ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ኮሌታውን ከኋላ አስተካከለችለት። «በረዶው ማታ ማታ ይጥላል» አለች፤ «ቀስ ብለህ ንዳ።» ከዚያ በሩን ከፈተችለትና ገለል ብላ ቆመች።

ደረጃው ላይ ሲደርስ ዞር አለ፤ የሚለው ነገር ያለ መስሎት። በሩ ግን እየተዘጋ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቁ ይመስል።